ሌክቸር፣ ዎርክሾፕ ወይስ ጉባኤ? በጎጃም ዩኒቨርሲቲዎች ከሚጠሩ መድረኮች የሚጠቅማችሁን ለመምረጥ

ግንቦት ሲገባ የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ማስታወቂያ ሰሌዳ ቦታ ያጣል። ዓመታዊ የምርምር ጉባኤዎች በብዛት የሚካሄዱት በዚህ ሰሞን ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ዲፌንስ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ፣ ይከተላል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ደግሞ ሳይካሄዱ የቆዩ ስልጠናዎች አንድ ላይ ይጠራሉ። በአንድ ሐሙስ ሦስት መድረክ ቢደራረብ አይገርምም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚመርጠው ርዕሱን አይቶ ወይም ሰርተፊኬት ይሰጣል መባሉን ሰምቶ ነው። ሁለቱም መለኪያዎች ቀኑን ያባክናሉ። መጀመሪያ ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁ የምትሄዱት ለመስማት ነው፣ በእጃችሁ ለመሥራት ነው ወይስ የሠራችሁትን ለማሳየት የሚለውን ነው። መልሱ ከታወቀ ከሦስቱ ማስታወቂያ ሁለቱ ወዲያው ይወድቃሉ።

አንድ ርዕስ በሦስት መልክ

የአፈር አሲዳማነትን እንውሰድ። የጎጃም ደጋ ሁሉ የሚያውቀው ችግር ስለሆነ በሦስቱም ዩኒቨርሲቲዎች የሚነሳ ጉዳይ ነው። ፐብሊክ ሌክቸር ከሆነ የምትሰሙት ምክንያቱን ነው፦ የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነቱ መለኪያ) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፣ ፎስፈረስ በአፈሩ ተይዞ ለተክሉ አይደርስም፣ ኖራ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ማስታወሻ ከያዛችሁ ለክፍል ሥራ ወይም ለጽሑፍ መግቢያ የሚሆን ነገር ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

የላቦራቶሪ ስልጠና ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ደርቆ፣ ተፈጭቶና በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ተነፍቶ የመጣ 10 ግራም አፈር መዝናችሁ 25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ትጨምራላችሁ፣ ታማስላላችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ ታነባላችሁ። ከማንበባችሁ በፊት ፒኤች ሜትሩን ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆኑ በፈሮች (የማስተካከያ ፈሳሾች) ታስተካክላላችሁ። በየናሙናው መካከል ኤሌክትሮዱን በተጣራ ውኃ ካላጠባችሁት የመጀመሪያው ናሙና ወደ ሁለተኛው ይዛመትና ንባቡ ይሳሳታል። ይህን ስህተት በሌክቸር አዳራሽ ቁጭ ብሎ የተማረው ሰው የለም፤ መሣሪያውን ይዞ ሲሳሳት፣ አሠልጣኙ ሲያርመው ነው የሚገባው።

በጉባኤ ላይ ደግሞ ስለ ፒኤች ምንነት ማንም አይነግራችሁም። እያንዳንዱ አቅራቢ 15 ደቂቃ ብቻ ስላለው በቀጥታ ወደ ውጤቱ ይገባል። ጥቅሙ በየትኛው ወረዳ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው። አማካሪ ለሚፈልግ ወይም የጥናት ርዕሱ በሌላ ሰው መሠራት አለመሠራቱን ለሚያጣራ ሰው ከሦስቱ ይህ ይበልጣል።

«ዎርክሾፕ» የሚለውን ስም አትመኑ

በማስታወቂያ ላይ ከሁሉ የሚያሳስተው ይህ ስም ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ባለድርሻ አካላት ተጠርተው አንድ ረቂቅ ወይም የጥናት ግኝት የሚወያዩበት የምክክር መድረክ ነው። ሌላው ሰው ተቀምጦ ሙያ የሚለማመድበት ስልጠና ነው። ሶፍትዌር ልማር ብሎ ላፕቶፑን ተሸክሞ የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ ስለ ረቂቅ መመሪያ አስተያየት ሲሰጥ ሊውል ይችላል።

ልዩነቱ በጥሪው ደብዳቤ ውስጥ አለ። «ለምክክር»፣ «ለግምገማ»፣ «ግኝቱን ለማረጋገጥ» የሚል ካለ የምትጠሩት ሐሳብ እንድትሰጡ ነው። እንዲህ ያለው መድረክ ብዙ ጊዜ በተቋም ስም የሚጠራ ስለሆነ ተማሪ ስሙ ከሌለበት አይገባም። ከወረዳ ግብርና ወይም ጤና ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ባለሙያ ግን ከየትኛውም ሌክቸር ይልቅ ይህን ቢመርጥ ደግ ነው፣ መሬት ላይ ያለውን ችግር ለተመራማሪው በቀጥታ የሚነግርበት ሌላ ዕድል እምብዛም የለምና። አበልና ትራንስፖርት የሚከፈለውም በአብዛኛው በዚህ ዓይነቱ ነው፤ በደብዳቤው ላይ ካልተጻፈ ግን ይከፈላል ብላችሁ አትነሱ። «ለስልጠና»፣ «በተግባር የተደገፈ»፣ «ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ» የሚል ከሆነ ሁለተኛው ነው።

የተግባር ስልጠናን እንዴት ትመዝናላችሁ

አስተባባሪውን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ሰው ይገባል፣ ከአሠልጣኙ ሌላ ስንት ረዳት አለ፣ የመለማመጃው ፋይል አስቀድሞ ይሰጣል ወይ። 25 ወይም 30 ሰልጣኝ ላይ አንድ አሠልጣኝና ሁለት ረዳት ካለ ደህና ነው። አንድ አሠልጣኝ ብቻውን 50 ሰው ፊት ከቆመ ግን ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሶፍትዌሩ «ኤረር» ባለው ቅጽበት ቀኑ ያልቅበታል፤ ማንም አይደርስለትም። እንዲህ ከሆነ ነገሩ ረጅም ሌክቸር ነው፣ ስሙ ምንም ቢሆን።

ቀጥሎ ሰዓቱን አስሉ። ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:00 የተባለ የአንድ ቀን ስልጠና ስምንት ሰዓት ተኩል ይመስላል። ምሳ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት የሻይ እረፍት አንድ ሰዓት፣ ምዝገባና የመክፈቻ ንግግር ሌላ አንድ ሰዓት ይወስዳሉ። የቀረው አምስት ሰዓት ነው። በአምስት ሰዓት ኤስፒኤስኤስን (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው) «ከመግቢያ እስከ ሪግሬሽን» እናስተምራለን የሚል ፕሮግራም ካያችሁ ስላይድ ሲያልፍ ታያላችሁ እንጂ አትለማመዱም። በዚያው አምስት ሰዓት ዳታ ማስገባት፣ ማጽዳትና ሠንጠረዥ ማውጣት ብቻ የሚል ሌላ ስልጠና ካለ፣ ርዕሱ ትንሽ ቢመስልም እሱን ምረጡ። ለሪግሬሽን ሦስት ቀን የተመደበለትን ጠብቁ።

የኮምፒውተር ስልጠና ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ ከመድረሳችሁ በፊት የሚፈቱ ናቸው። ሶፍትዌሩን በቤታችሁ ጫኑ። የካርታ መሥሪያው ሶፍትዌር የኪው ጂአይኤስ መጫኛ ፋይል ብቻ ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ 30 ሰው በአንድ ዋይፋይ ላውርድ ሲል ማለዳው ያልቃል። ላፕቶፓችሁ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ አዲሶቹ የኪው ጂአይኤስና የስታቲስቲክሱ ሶፍትዌር የአር ቨርዥኖች አይሠሩበትም፤ የቆየውን ቨርዥን ከአስተባባሪው በፍላሽ ተቀበሉ፣ ወይም ከጓደኛ ጋር በአንድ ማሽን ለመሥራት ተስማሙ። ኮቦ በተባለው የስልክ መጠይቅ መሙያ መተግበሪያ ላይ የሚሰጥ የመረጃ አሰባሰብ ስልጠና ከሆነ ግን አንድሮይድ ስልክ ስለሚበቃ ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ምርጫ ነው። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ባትሪ ሞልታችሁ ሂዱ፣ የአዳራሹ ሶኬት ጥቂት ስለሚሆን ዲቫይደር ያዙ።

በሩ ላይ ደግሞ ላፕቶፑን ማስመዝገብ አትርሱ። የግቢው ተማሪ ያልሆነ ሰው ላፕቶፑን ሳያስመዘግብ ከገባ ሲወጣ የራሱ መሆኑን ማስረዳት ይቸግረዋል። ሴሪያል ቁጥሩ ከሥሩ ተለጥፎ ይገኛል፤ ከጠፋ ወይም ከተፋቀ ቤት ሳላችሁ ከሲስተሙ ውስጥ አውጥታችሁ በወረቀት ያዙት። መታወቂያም በር ላይ ሊያዝ ስለሚችል ሁለተኛ መታወቂያ መያዝ ጥሩ ነው።

ስለ ሰርተፊኬቱ አንድ ነገር። «ተሳትፏል» የሚልና «ስልጠናውን አጠናቋል» የሚል ወረቀት አንድ አይደሉም። የሰዓቱ ብዛትና የተሸፈነው ይዘት ከተጻፈበት ቀጣሪ ሊያየው ይችላል፤ ካልተጻፈበት ፋይል ከማድለብ አያልፍም።

ፐብሊክ ሌክቸር

ብዙውን ጊዜ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ክፍያ የለውም፣ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ሲመረጥ ከርዕሱ ይልቅ ተናጋሪው በዚያ ጉዳይ ላይ ምን ሠርቷል የሚለው ይታያል። ስለ ጣና እምቦጭ የሚናገረው ሰው አረሙ ከታየበት ከ2003 እና 2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ሐይቁ ላይ የሠራ ከሆነ ቀድማችሁ ገብታችሁ ከፊት ተቀመጡ። ጥያቄያችሁን አስቀድማችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ማይክ ይዘው ረጅም አስተያየት የሚሰጡ ሰዎች የጥያቄውን ሰዓት ስለሚጨርሱት አጭር ጥያቄ ያለው ሰው ሁልጊዜ ያተርፋል። ጊዜ ከጎደላችሁ መጀመሪያ የሚሠዋው ሌክቸር ይሁን፤ ስላይዱን ከትምህርት ክፍሉ ጠይቆ ማንበብ ይቻላል።

ዲፌንስ፣ ማንም የማያስተዋውቀው ትምህርት ቤት

የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ በብዙ ትምህርት ክፍሎች ለታዳሚ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ማስታወቂያው አንዲት ወረቀት ሆና በትምህርት ክፍሉ በር ላይ ብቻ ትለጠፋለች። በሚቀጥለው ዓመት የራሱን ለሚያቀርብ ተማሪ ከየትኛውም «የምርምር ዘዴ» ዎርክሾፕ ይህ ይሻለዋል ብለን በሙሉ ልብ እንናገራለን። በዎርክሾፑ ናሙና እንዴት እንደሚወሰን ትሰማላችሁ፤ በዲፌንሱ ግን የውጭ ገምጋሚው «ይህን ቀበሌ ለምን መረጥህ? ቁጥሩስ ከየት መጣ?» ሲል፣ ተማሪው ሲጨንቀው ታያላችሁ። ያ ጥያቄ አይረሳም።

ከራሳችሁ ትምህርት ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ምረጡ። ከመልሱ ይልቅ ጥያቄዎቹን ጻፉ። ተደጋግመው የሚመጡት ጥቂት ናቸው፦ ክፍተቱ የቱ ላይ ነው፣ ዓላማውና መደምደሚያው ለምን አይገጥሙም፣ መጠይቁ ቀድሞ ተሞክሯል ወይ፣ በጽሑፉ የተጠቀሰው በዋቢው ዝርዝር ለምን የለም። በስማችሁ አስፈቅዳችሁ፣ ከመጀመሩ በፊት ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ዕድል ካልሰጠ አትጠይቁ። ገምጋሚዎቹ ውጤት ሲወስኑ ታዳሚውም ተማሪውም ይወጣል።

የትምህርት ክፍል ሴሚናር ከዲፌንሱ የሚለየው ባልተጠናቀቀ ሥራ ላይ ስለሚደረግ ነው። የጥናት ንድፉን (ፕሮፖዛሉን) ገና እየጻፈ ያለ ሰው ሴሚናር ይምረጥ፤ ሊያስረክብ የተቃረበው ዲፌንስ።

ጉባኤ፦ አቅራቢ ሆናችሁ ወይስ ታዳሚ?

ታዳሚ ብቻ ከሆናችሁ ጉባኤው የሁለት ቀን ቢሆንም ሁለቱንም ቀን መዋል አያስፈልግም። የመጀመሪያው ማለዳ በመክፈቻና በቁልፍ ንግግር ያልፋል፤ ጥልቀት ያለው ከዚያ በኋላ በተለያዩ ክፍሎች ጎን ለጎን የሚካሄደው ነው። ፕሮግራሙን ቀድማችሁ ወስዳችሁ አራት ወይም አምስት ጽሑፍ ምልክት አድርጉ፤ የሻይ እረፍቱን ደግሞ አቅራቢውን ለማናገር ያዙት።

ማቅረብ የምትፈልጉ ከሆነ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከወራት በፊት፣ የአብስትራክት (የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) ጥሪ ሲወጣ ነው። ብዙዎቹ 250 ወይም 300 ቃል ይጠይቃሉ። የሚወድቁት አብስትራክቶች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጉድለት አላቸው፦ ግማሹ ስለ ዳራ ያወራና መጨረሻው ላይ «ውጤቱ በጉባኤው ይቀርባል» ይላል። ገምጋሚ ውጤት የሌለበትን አይቀበልም። ለዳራ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ለዓላማ አንድ፣ ለዘዴ ሦስት በቂ ነው፤ የቀረውን ለውጤቱ ከነቁጥሩ ስጡት።

አብስትራክት ብቻ የሚጠይቅ ጉባኤና ሙሉ ጽሑፍ የሚያሳትም ጉባኤ ሲቀርቡላችሁ ቸኩላችሁ አትወስኑ። በባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ማለትም በፖሊ፣ የሚካሄደው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጽሑፎች በተለያዩ ዓመታት በስፕሪንገር ታትመዋል። ይህ ለኢንጂነሪንግና ለኮምፒውተር ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንዴ በጉባኤ መድበል ሙሉ ጽሑፉ የወጣ ሥራ በሰፊው ካልተጨመረበት ለጆርናል ዳግመኛ አይላክም። ጆርናል ላይ ለማውጣት ያሰባችሁት ዋና ውጤት ካለ በአብስትራክት ብቻ የሚያበቃውን ምረጡ፤ የቅርንጫፉን ውጤት ለመድበሉ ስጡ።

በኢሜይል መጥቶ በሦስት ቀን ውስጥ «ተቀብለናል» የሚል፣ ክፍያውን በግለሰብ ሒሳብ አስገቡ የሚል፣ አዘጋጅ ኮሚቴው ማን እንደሆነ የማይናገር ጉባኤ ካጋጠማችሁ እርሱት። ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ከሆነ በተቋሙ ሒሳብ ገብቶ ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

በአፍ ወይስ በፖስተር? አዲስ አቅራቢ ፖስተር ዝቅ ያለ ይመስለዋል፤ እንደ እኛ አስተያየት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፖስተር ይሻላል። በ15 ደቂቃ አንድ ጥያቄ ብታገኙ ነው፤ ፖስተር አጠገብ ሁለት ሰዓት ቆማችሁ ከአሥር ሰው ጋር ታወራላችሁ። የተለመደው መጠን ኤ ዜሮ ነው፣ 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር። ማተሚያ ቤት ከአንድ ቀን በፊት ስጡ፣ በዕለቱ መብራት ቢጠፋ መላ የለውም።

በአፍ ካቀረባችሁ ከ12 ስላይድ አትለፉ። በአማርኛ የምታቀርቡ ከሆነ ፊደሉ ላይ ተጠንቀቁ፦ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ስላይድ ፊደሉ ያልተጫነበት የአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ኒያላን በመሰለ የዩኒኮድ ፊደል ጻፉ፣ ከዚያም በፒዲኤፍ ሁለተኛ ቅጂ ያዙ። የቆዩ አዳራሾች ፕሮጀክተር ቪጂኤ ብቻ ሊቀበል ይችላል፤ ላፕቶፓችሁ ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው መቀየሪያውን ይዛችሁ ሂዱ።

የኪነ ጥበብ ምሽትና የሥራ ዐውደ ርዕይ

ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ባሉበት አገር የሚዘጋጅ የባህል መድረክ ከሌላው ቦታ የተለየ ክብደት አለው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ። ግዕዝ የማትችሉ ከሆነ ቅኔ ብቻ ከሚዘረፍበት ይልቅ መምህሩ ተቀምጦ የሚፈታበትን መድረክ ምረጡ። የሥራ ዐውደ ርዕይ ለተመራቂ ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ ሲቪውን በሁለት ገጽ አሳጥሮ በብዙ ቅጂ ያልያዘ ሰው ባይሄድም አይቆጭ።

ማስታወቂያውን አንብቡት፣ ከዚያ ቦታውን

በእንግሊዝኛ የተለጠፈ «8:30» ጠዋት 2:30 ነው። የእኛ ሰዓት መስሏችሁ ከቀኑ 8:30 ብትደርሱ ግማሹ ቀን አልፏል። ቀኑም እንዲሁ፦ «15/09» በእኛ ግንቦት 15 ሲሆን በፈረንጁ ሴፕቴምበር 15፣ ማለትም መስከረም 5 አካባቢ ነው። ግንቦት 1 ሁልጊዜ ሜይ 9 ላይ ስለሚውል ሜይ 15 የተባለ ጉባኤ ግንቦት 7 ነው። የወሩ ስም በፊደል ካልተጻፈ ደውላችሁ አረጋግጡ።

«ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ» ብቻ የሚል አድራሻም አይበቃም። ፖሊ ከ1955 ዓ.ም ጀምሮ ራሱን ችሎ የነበረ ተቋም ሲሆን ፔዳ ደግሞ የመምህራን ትምህርት አካዳሚው ነበር፤ ሁለቱ ተዋሕደው ነው ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው። ስለዚህ ኢንጂነሪንግና ጨርቃ ጨርቅ ከሆነ ፖሊ፣ ግብርና ከሆነ አባይን ተሻግሮ በጎንደር መንገድ ዘንዘልማ፣ ሕክምና ከሆነ ጥበበ ጊዮን በኩል መሆኑን ገምቱ፤ ከዚያ አጣሩ። ደብረ ማርቆስም ቡሬ ላይ ሌላ ግቢ አለው፣ ከዋናው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከባሕር ዳር እንጅባራ ወደ 120፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ማርቆስ ላይ ለሚሰጥ የሁለት ሰዓት ሌክቸር ከባሕር ዳር መነሳት አያዋጣም፤ ለሦስት ቀን ስልጠና ያዋጣል። የመንገዱን ሁኔታና የባጃጅ ሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩን በዋዜማው ጠይቁ። ለማርቆስና ለእንጅባራ ጃኬት ያዙ።

ሲደራረቡባችሁ

አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሌክቸሩን ይምረጥ፤ ገና የትኛው መስክ እንደሚስበው የሚለይበት ጊዜ ነውና ሰፊውን ቢሰማ ይጠቀማል። ተመራቂ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለበትና ማለፊያው 50 በመቶ ስለሆነ፣ የፈተናው ማጠናከሪያ ትምህርት ከማናቸውም ዎርክሾፕ ይቀድምበታል። ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ያለ ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት የተግባር ስልጠናውን፣ ከሰበሰበ በኋላ ዲፌንሱንና ጉባኤውን ይያዝ። የወረዳ ባለሙያ የምክክሩን መድረክ።

ቦታው የተወሰነ ስልጠና ላይ ተመዝግባችሁ መሄድ ካልቻላችሁ እስከ ዋዜማው 11 ሰዓት ድረስ ለአስተባባሪው ንገሩ። ለ30 ሰው የተዘጋጀ ላቦራቶሪ በተጠባባቂ መዝገብ ላይ ያለን ሰው የሚያስገባው ስማችሁ ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ ጠዋት ከተነገረው ግን ከዘንዘልማ ወይም ከቡሬ የሚመጣው ተጠባባቂ አይደርስም።